ከቫልቮላው ሩብ ዙር፣ ወደ ሆዱ

ቶረስ የሚባለውን ቅርጽ የሚያስረዱ መጻሕፍት ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ መሀሉ የተበሳ ቦምቦሊኖ አስቡ ይላሉ። እኔ ቦምቦሊኖ ሳስብ የሚመጣብኝ ረሃብ እንጂ ሂሳብ አይደለም። ደግሞ ቦምቦሊኖ ውስጡ ድፍን ነው፤ ቶረስ ግን ቆዳ ብቻ ነው፣ ውስጡ ባዶ። ይህን ልዩነት በልበ ሙሉነት የምነግራችሁ ዘንድሮ ስለገባኝ ነው። አምና ቢሆን እኔም ቦምቦሊኖ ብያችሁ አልፍ ነበር።

የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። አቃቂ ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። ማስተርሴን የምማረው በክረምት ነው፤ ተማሪዎቼ ሲያርፉ እኔ ደብተር ይዤ ተማሪ እሆናለሁ። ኮርሱን ጨርሼ፣ ጽሑፌን አስገብቼ፣ አምና የቀረኝ ሦስት ፈታኞች ፊት ቆሜ ማስረዳት ብቻ ነበር። ቀመሮቹን እንደ ዳዊት ነበር የምደግማቸው፦

x = (R + r cos v) cos u
y = (R + r cos v) sin u
z = r sin v

ሦስት መስመር ናቸው፣ በቃ። ትልቁ R የትልቁ ክብ ሬዲየስ ነው፣ ትንሹ r የትንሹ። u እና v ሁለት ማዕዘኖች ናቸው። ሰሌዳው ላይ አሳምሬ ጻፍኩና እጄን አራግፌ ኮራ ብዬ ቆምኩ። ከፈታኞቹ መሀል አንዱ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሸበቶ ሰው ናቸው። ተነሡና ሰሌዳው ላይ ቶረስ ሣሉ፤ በውስጠኛው በኩል አንዲት ነጥብ አደረጉ። እዚህች ጋ u ስንት ይሆናል፣ v ስንት ይሆናል ብለው ጠየቁኝ፤ በግምት ይበቃል አሉ።

ውሃ ሆንኩ። ቀመሩን ተኝቼ እንኳ ብትቀሰቅሱኝ እደግምላችኋለሁ፤ ያቺን ነጥብ ግን የማገኝበት መንገድ ጠፋኝ። ዘጠና አልኩ። የትኛው ነው ዘጠና ሲሉኝ ሁለቱም አልኳቸው። አልሳቁም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ሸምድደሻል እንጂ አልገባሽም አሉኝ በትሕትና። ደንቡ አንድ ጊዜ ብቻ መድገም ይፈቅዳል፣ የሚመጣው ክረምት ነይ፣ ከዚያ በኋላ ግን የለም ብለው አሰናበቱኝ። እኔ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ተማሪ የሸመደደውን ሲያነበንብብኝ ስገሥጽ የኖርኩ ሴት!

ባሌ ጎሚስታ ነው። አቃቂ በሰቃ፣ ከባድ መኪኖች በሚያልፉበት መንገድ ዳር፣ ከስልጤው ሸሪኩ ጋር የቆርቆሮ ቤት ተከራይተው ጎማ ይጠግናሉ። እሱ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ ስለ እኔ ትምህርት ግን ከእኔ በላይ ያወራል። ጎማ ሊያስለጥፍ የቆመ ሾፌር ሁሉ፣ ወደድክም ጠላህም፣ የዚህ ሰውዬ ሚስት ማስተርስ ልትይዝ መሆኗን ሳይሰማ አይሄድም። የወደቅኩ ቀን ሥራውን በጊዜ ዘግቶ፣ እጁን በናፍጣ ፈግፍጎ ታጥቦ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ከብሎካችን በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እንዴት ሆነ አለኝ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ከፈታኞቹ አንዱ ታመው ለሚመጣው ክረምት ተላለፈ አልኩት። እግዜር ይማራቸው አለ፣ ከልቡ። እንዲህ አድርጌ ደህናውን ሰው አልጋ ላይ አስተኛሁት።

ውሸት አንዴ ከገባ ቀለብ ይፈልጋል። ሰውየው ተሻላቸው ወይ ሲለኝ ትንሽ አሻልኳቸው። ዓመት ሙሉ አራተኛ ፎቅ በወጣሁ በወረድኩ ቁጥር ጎረቤት፣ እህቶቹ፣ ሸሪኩ ሳይቀር፣ ሁሉም ስለ ፈተናው ይጠይቀኛል። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ቁጡ ነኝ፣ ባሰብኝ። ተማሪ ላይ፣ ታክሲ ረዳት ላይ፣ ክዳኑ በማይገጥም ብረት ድስት ላይ ሳይቀር ጮኽኩ። ዘንድሮ ከወደቅኩ የሦስት ክረምት ልፋቴን ውሃ በላው፤ ውሸቴም አብሮ ይወጣል። ያንን እያሰብኩ ቀመሩን መልሼ መላልሼ እሸመድዳለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ዝናብ አባረረኝና የባሌ ሱቅ ገባሁ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ወረቀቴን ዘረጋሁ። አንድ ሾፌር ቀስ እያለ የሚተነፍስ ከመነዳሪ አምጥቶ ነበር፤ ከመነዳሪ ማለት ጎማው ውስጥ ገብቶ አየሩን የሚይዘው ላስቲክ ነው። ባሌ ነፋውና ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ውስጥ፣ ውሃው ላይ እየነከረ ያገላብጠው ጀመር። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ግን አይቼው አላውቅም። በሁለት መንገድ ነው የሚያዞረው። አንደኛው፣ እንደ መኪና መሪ ዙሪያውን ነው። ሁለተኛው፣ ላስቲኩን እንደ ሸሚዝ እጅጌ በራሱ ላይ እየጠቀለለ ነው፣ ወደ ውጭ የነበረው ወደ ውስጥ እስኪዞር።

እነሱ ሥራ ተከፋፍለዋል። ባሌ ቀዳዳውን ያገኛል፣ ሸሪኩ አድርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ይለጥፋል። እርጥብ ላስቲክ ላይ ጠመኔ አይዝም፤ ቢይዝም ሲደርቅ ይጠፋል። ስለዚህ ቦታውን በአፍ ነው የሚቀባበሉት። መነሻቸው አየር የሚሞላባት ቫልቮላ ናት። ወደ መሀል፣ ብረቱ ቸርኬ ላይ የሚያርፈውን ወገን ሆድ ይሉታል፤ ወደ መንገዱ ያለውን ጀርባ። ያን ቀን አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ሲል ባሌ ከኮምፕረሰሩ ጩኸት በላይ፦

“ከቫልቮላው በቀኝ ሩብ ዙር፣ ወደ ሆዱ!” አለ።

ሸሪኩ ከመነዳሪውን ተቀበለ፣ በጨርቅ አደረቀው፣ ቫልቮላዋን ያዘ፣ ሩብ ዞረ፣ ወደ ውስጥ ጠቀለለ፣ ጣቱን አሳረፈ። ቀዳዳው እዚያው ነበር። እኔ ተነሥቼ ቆሜያለሁ፤ ወረቀቴ ጭቃው ላይ ተበትኗል። ድገመው አልኩት ባሌን። ምኑን አለኝ። አሁን ያልከውን ድገመው አልኩት፣ ሌላ ቦታ ቀዳዳ ቢኖርስ እንዴት ትላለህ? ሰውየው ግራ ገባው፤ ቢሆንም ደገመልኝ። ግማሽ ዙር፣ ጀርባው ላይ። ሩብ ዙር፣ በግራ ጎኑ። በላስቲኩ ላይ የትም ቦታ ይሁን፣ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚለው፤ ከቫልቮላው ምን ያህል ዞርክ፣ ከጀርባ ወደ ሆድ ምን ያህል ጠቀለልክ። አንደኛው u ነው። ሁለተኛው v ነው። ወይ ጉድ!

ከዚያ ቀመሩ ራሱን ተረጎመልኝ። ጀርባው ላይ ስትሆን v ዜሮ ነው፣ ኮሳይኑ አንድ፤ ከመሀል ያለህ ርቀት R ሲደመር r። ወደ ሆዱ ስትጠቀልል v ግማሽ ዙር ነው፣ ኮሳይኑ ኔጌቲቭ አንድ፤ ርቀትህ R ሲቀነስ r። በመሀል፣ ጎኑ ላይ፣ ኮሳይኑ ዜሮ ነው፤ ርቀትህ R ብቻ ይሆንና z ከፍ ይላል ወይ ዝቅ ይላል። ያቺ ቅንፍ ውስጥ ያለች መደመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያላየኋት፣ ላስቲክ መጠቅለል ናት። ሸበቶው ፈታኝ አምና የጠየቁኝን ባሌ እጁን ሳያደርቅ ይመልስላቸው ነበር። ደስ አለኝ፤ ተናደድኩም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ማታ ማታ ምን እያጠናሽ ነው ሲለኝ፣ ተወው አንተን አይመለከትህም ስለው ኖሬያለሁ።

እሱም ደስታዬን አይቶ ደስ አለውና እስቲ አሳዪኝ ብሎ ጽሑፌን ወሰደ። ምሳሌ ይሁነኝ ብዬ ያስገባሁት የእጅ ጋሪ ከመነዳሪ ነበር፤ ልኩን ያኔ በስልክ ጠይቄው ነው የጻፍኩት። ቀመሩ እንዴት እንደሚሠራ ላሳየው ፈልጌ አሰላሁለት። R ሃያ ሴንቲ ሜትር፣ r አምስት። ስለዚህ ሆዱ ከመሀል አሥራ አምስት ይርቃል፤ መሀል ያለው ክፍት ቦታ ዳር እስከ ዳር ሠላሳ ነው አልኩት።

አልሆነም አለኝ። የጋሪ ቸርኬ ባለ ስምንት ኢንች ነው፣ ሃያ ሴንቲ ነው። በአንቺ ሂሳብ ባለ አሥራ ሁለት ሆነ፤ ይሄ ከመነዳሪ አቃቂ ውስጥ የሚገባበት ጋሪ የለም አለና ሳቀ። ሸሪኩም ሳቀ። እኔ ግን የሚሳቅብኝ ሰው አይደለሁም፤ በስልክ አሳስተኸኛል ብዬ ተነሣሁበት። እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አወረደ፣ ነፋው፣ ሜትሩን ዘረጋ። ውጭ ለውጭ አርባ፣ ውፍረቱ አሥር፤ ልክ እንደነገረኝ። መሀሉ ሃያ።

ስህተቱ የኔው ነበር። ከጎሚስታ ጋር ከኖረች ሴት በቀር እንዲህ የሚሳሳት ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛ ቤት የጎማ ልክ ከተባለ ውጭ ለውጭ ነው፤ ሌላ ልክ ተሰምቶ አይታወቅም። እኔም አርባውን ለሁለት ከፈልኩና R ብዬ ቁጭ። R ግን እስከ ላስቲኩ ጫፍ አይደለም፤ ከመሀል ተነሥቶ እስከ ትንሹ ክብ መሀል ነው፣ አየሩ መሀል ድረስ። ከሃያው ላይ አምስት መቀነስ ነበረበት፤ አሥራ አምስት ነው። የቆዳው ስፋት፣ የሚይዘው አየር፣ ከዚያ ቁጥር የወጣው ሁሉ ተበላሽቷል። ጽሑፉ ደግሞ ተጠርዞ ከሦስቱም ፈታኞች እጅ ከገባ ሰንብቷል።

ባሌ መደንገጤን አይቶ ያጽናናኝ ጀመር። ምን አለበት፣ ተሳስቻለሁ በያቸው፤ ባይሆን እንኳ የመጀመሪያሽ ነው፣ ሌላ ጊዜ ትፈተኛለሽ አለኝ። እንግዲህ በዚህች ቃል ነው የፈነዳሁት።

“ሌላ ጊዜ የለም! አምና ወድቄያለሁ። ማንም አልታመመም።”

ኮምፕረሰሩ ሲሞላ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ልክ አፌን ስከፍት ጠፋ። ቃሌን ሸሪኩም ሰማ፣ ሾፌሩም ሰማ፣ አጠገባችን በቆሎ የምትጠብሰውም ሴት ሰማች። ሾፌሩ ዝናቡን ማየት ጀመረ። ባሌ እጁን በርሜሉ ውስጥ ነከረ፣ አወጣ፣ በሱሪው ጠረገ፣ ወደሚቀጥለው ጎማ ሄደ።

ወደ ቤት ስንሄድ በአንድ ጃንጥላ ነበርን። መንገድ ላይ፣ እኔን ፈርተሽ ነው ወይ አለኝ። አንተን አይደለም፣ ወሬህን ነው የፈራሁት አልኩት፤ እውነቴን ነው። ያገኘኸው ሰው ሁሉ ጋ ስሜን ይዘህ እየዞርክ እንዴት ወደቅኩ ልበልህ? ከዚያ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ባሌ አኩራፊ ሰው አይደለም፣ ስለዚህ አያውቅበትም፤ አኩርፎ ሳለ ሻይ ያቀርብልኛል፣ ግን አያየኝም። ከዓመቱ ሁሉ ያ ሁለት ቀን ከበደኝ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ባውቅም ይቅርታ ለማለት አንደበቴ እምቢ አለ፤ እንዲህ ነኝ እኔ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን ይቅር በለኝ አልኩት፣ ጫማውን እያሰረ ሳለ፣ ቀና እንዳይል ብዬ። እሱም ቀና ሳይል፣ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ አለኝ። የዚያኑ ቀን ማታ የጋሪውን ከመነዳሪ እንደተነፋ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረልኝ። ይዘሽው ሂጂ አለኝ። አበድክ እንዴ፣ ፕሮፌሰሮች ፊት ከመነዳሪ ይዤ ልቁም? ተከራከርን። እሱ አሸነፈ።

የፈተናው ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ከመነዳሪዬን እንደ ቦርሳ ክንዴ ላይ አንግቼ ገባሁ። ረዳቱ አየኝና፣ እናት፣ በዚህ ዝናብ ሶደሬ ነው የምትሄጂው አለኝ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። አንዷ ተሳፋሪ፣ ለሷም ሒሳብ ትከፍያለሽ፣ ቦታ ይዛለች አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አፋቸውን አስይዛቸው ነበር፤ ያን ዕለት ግን አፌ ደርቋል።

ክፍሉ ያው የአምናው ነው፣ ሦስቱም ፈታኞች ያው ናቸው። ሸበቶው ሰውዬ በደህና ጤንነት ተቀምጠዋል፤ ሳያቸው ጥፋተኝነት ተሰማኝ። ከመነዳሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ ሳልቀመጥ፣ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልናገር አልኩ። ምሳሌው ላይ R ሃያ ያልኩት ስህተት ነው፣ አሥራ አምስት ነው፣ እስከ ውጭው ጫፍ ለክቼ ነው አልኳቸው። ሸበቶው ሳይመልሱ የራሳቸውን ኮፒ ገልጠው ወደ እኔ አዞሩት። ሃያው በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል፤ ከጎኑ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አለ።

“ማን አሳየሽ?” አሉኝ።

“ጎሚስታ” አልኩ።

ከመነዳሪውን አንሥተው አገላበጡት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን አንድ ቦታ ጫኑና እዚህስ አሉኝ። እኔም ቫልቮላዋን ያዝኩ። ከዚህ ነው የምነሣው አልኩ፤ ግማሽ ዙር ነው፣ ስለዚህ u መቶ ሰማንያ፤ ጀርባው ላይ ነው፣ ስለዚህ v ዜሮ። x ኔጌቲቭ ሃያ፣ y ዜሮ፣ z ዜሮ። ጣታቸውን ወደ ሆዱ አዛወሩት፤ v ብቻ ነው የተለወጠው፣ x ኔጌቲቭ አሥር ሆነ አልኩ። ወደ ጎኑ ወሰዱት፤ ተከተልኳቸው። ሌላኛው ፈታኝ ተቀብሎ ሞከረ፤ ሦስተኛዋ ደግሞ ቆይ ለኔም ስጡኝ አለች። በመጨረሻ ጥያቄውንም ረስተው ሦስቱ ላስቲኩን በራሱ ላይ ሲጠቀልሉ ነበር። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሦስቱን መስመር ጻፍኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እያነበብኩት ጻፍኩት።

ውጪ ጠብቂ አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ወንበር የለም፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ስጠራ ሸበቶው ቆመው ነበር። አልፈሻል፤ ቁጥሩን አስተካክለሽ አስገቢ አሉኝ። ከመነዳሪውንም መለሱልኝ።

እፎይ! ዓመት ሙሉ ጎድኔ ሥር ተወትፎ የነበረ ነገር ወጣልኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደረጃው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩና ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሰው ሲመጣ አፍንጫዬን ጠርጌ ስልክ የማወራ መሰልኩ። በኋላ እውነትም ደወልኩ። አለፍኩ አልኩት። በኮምፕረሰሩ ጩኸት አልሰማኝም። አለፍኩ ብዬ ስጮህ ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። እሱ ግን፣ በይ ነይ፣ ብቻ አለኝ። ትንሽ ቅር አለኝ፤ እልል ይላል ብዬ ነበር።

በሰቃ ስወርድ ዝናቡ አባርቷል። ሱቁ በር ላይ አንድ የማላውቀው ሾፌር ጎማው እስኪለጠፍለት ቆሟል። ክንዴ ላይ ያለውን ከመነዳሪ አየና ፊቱ በራ።

“መምህርት፣ እንኳን ደስ አለሽ! አምና ወድቀሽ ዘንድሮ ያለፍሽው አንቺ ነሽ አይደል?” አለኝ።

ወደ ባሌ ዞርኩ። ከበርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ጥርሱን ይገልጥልኛል። ሸሪኩ ደግሞ፣ ከደወልሽ ጀምሮ የመጣ ሁሉ ሰምቷል፣ ዛሬስ ነዳጅ ቦቴውንም አስቁሞ ነግሮታል አለኝ። ሰውዬው መውደቄን ጨምሮ ነው የሚኮራብኝ! እንደ ልማዴ ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ንዴቱ ግን አልመጣልኝም።

“አዎ፣ አምና ወድቄ ነበር” አልኩት ሾፌሩን።

ለባሌ ለመናገር ዓመት የፈጀብኝን ነገር ለመንገደኛ እንደ ሰላምታ ተናገርኩት። ከዚያ አንድ ጎማ ላይ ተቀመጥኩና ጠዋት ቁርስ እንዳልበላሁ ትዝ አለኝ፤ በጣም ራበኝ።